የፌንጣ ጭንቅላት ፎቶ

ቤተሰቡ በሙሉ ፌንጣ ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟን የሚጠራው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠራው ሊቆጣት ሲፈልግ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትኖር አንድም ቀን አንድ ቦታ ተቀምጣ ምሳዋን ጨርሳ አታውቅም። አንዱን ማንኪያ ሾርባ ጠረጴዛው ጋ፣ ሌላውን መስኮቱ ጋ፣ ሌላውን ደግሞ እናቷ ስፌት መኪና ሥር ገብታ ነው የምትጠጣው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ጭንቅላቷን ፎቶ ሊያነሱ ሞክረው ፎቶው ደብዝዞ ሲወጣ፣ ማንንም አልገረመም።

«ፌንጣን አስተኝቶ ፎቶ ማንሳት?» አለ አባቷ እየሳቀ። «ጭስን በገመድ ማሰር ይቀላል!»

እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ራሷ ፌንጣ ናት። ሆን ብላ ነው የተንቀሳቀሰችው። ማሽኑ መንጎድጎድ ሲጀምር ጭንቅላቷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ወዘወዘችው። ፎቶው በደንብ ከወጣ ጉዷ አብሮ ሊወጣ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌንጣ ማንበብ አልሆነላትም። ሌላ ሌላውን ጠይቋት። ተረት አንዴ ከሰማች ከነተራኪው ሳል ትደግመዋለች። የፈታችውን ሰዓት መልሳ ትገጥማለች፤ እርግጥ አንዳንዴ አንድ ብሎን ይተርፋታል። ፊደሎቹንም ብትሆን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ተሰልፈው ሲመጡ ግን አይታቸው የማታውቅ ይመስል ግር ይላታል። ትናንት ላብ አፍስሳ ያነበበችውን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ ትታገለዋለች። ወንድሟ፣ ቤት ውስጥ ፕሮፌሰር የሚባለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የሳሙና ማሸጊያ ሳይቀር አንብቦ ይጨርሳል፤ እሷ የራሷን ሳሙና ስም ለማንበብ ውኃው ይቀዘቅዝባታል።

አንድ ቀን መምህሯ ታመመችና በምትኳ ሌላ መምህርት መጣች። ሴትዮዋ ፌንጣን ጮክ ብላ እንድታነብ አስነሳቻት። ፌንጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተንተባተበች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ተንተባተበች። መምህርቷ ጠጋ አለችና በእርሳሷ ጀርባ ጭንቅላቷን ኳ ኳ አደረገችው። «እዚህ ውስጥ ምን አለ? ባዶ ነው እንዴ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ምናልባት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ረስታዋለች። ግን እርሳስን የፈጠረው ሰው ለዚህ እንዳልፈጠረው የታወቀ ነው፤ እኔ በቦታው ብኖር እቀማት ነበር። ፌንጣ ያን ቀን አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና በጣቷ ጭንቅላቷን ኳ ኳ አድርጋ አዳመጠች። ባዶ ሣጥንም ሲመቱት እንደዚያው ነው የሚለው።

እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከአንዲት ደንበኛዋ ስለ ዩኒቨርሲቲው ጥናት ሰማችና ልጇን ይዛ ሄደች። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር አጭር፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ከፌንጣ ጋር አንድ ሙሉ ጠዋት ዋለች። ቅርጽ አሰለፉ፣ ታሪክ አወሩ፣ ቁጥር ወደ ኋላ ቆጠሩ፣ ከቃላት ላይ አንድ ድምፅ እየነቀሉ የቀረውን አሉ። ፌንጣ አንዳንዱን ፈተና እየዘፈነች ጨረሰችው። የድምፁ ፈተና ግን አላላውስ አላት።

«ልጃችሁ ዲስሌክሲያ አለባት» አለች ዶክተሯ፣ አባትም እናትም በተቀመጡበት። «አንጎል ለወሬ ነው የተሠራው። ማንም ሳያስተምረን እናወራለን። ንባብን ግን ሰው ራሱ ነው ያመጣው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በዓይኑ ያየውን ፊደል በጆሮው ከሚያውቀው ድምፅ ጋር የሚያገናኝ መንገድ አንጎሉ ውስጥ አዲስ መጥረግ አለበት። ለአንዳንድ ልጆች ያ መንገድ በቀላሉ አይጠረግም። ማሰብ ላይ ምንም ችግር የለባትም።»

«ይጠረጋል ወይ ታዲያ?» አለች እናት።

«በትክክለኛው ልምምድ፣ አዎ። ቀስ እያለ።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። የቤት ዕቃ አጓጓዥ ነው፤ ሰፈሩ ክሬን ይለዋል። «ሶፋ በየትኛው በር፣ በየት ዞሮ እንደሚገባ በዓይኗ ብቻ ለክታ ትነግረኛለች። እሱስ ከዚሁ ነው የመጣው?»

«እንደዚያ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ገና እርግጠኛ አይደለንም» አለች ዶክተሯ። «ይልቅ ለራሷ ስጧት። ችሎታው የሷ ነው።»

ከዚያ ስለ ጥናቱ አስረዳች። ልጆቹ መጀመሪያ አንጎላቸው ፎቶ ይነሳል፤ በኋላ ለወራት ልዩ የንባብ ትምህርት ይማራሉ፤ በመጨረሻ እንደገና ፎቶ ተነስተው ምን እንደተለወጠ ይታያል። የመጀመሪያው ፎቶ የሌለው ልጅ ትምህርቱ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ማነጻጸሪያ የለውማ። እናት ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። እንዲህ ያለ ትምህርት የትም ፈልጋ አላገኘችም ነበር።

ፌንጣ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ፎቶ» የሚለው ብቻ ነው። እስካሁን ባዶ መሆኑን የምትጠረጥረው እሷ ብቻ ናት። ፎቶው ከወጣ ዶክተሯ ታውቃለች፣ እማዬ ታውቃለች፣ አባዬ ያውቃል፤ ፕሮፌሰር ካወቀ ደግሞ ዓለም አወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ወዘወዘችው።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲበላሽ ቤተሰቡ ለፌንጣ ዝም ብሎ መተኛትን ሊያስተምር ተነሳ። አባቷ ከሥራ ቦታ አንድ ትልቅ የፍሪጅ ካርቶን ይዞ መጣና ሳሎን መሃል አጋደመው። ፌንጣ ውስጡ ገብታ በጀርባዋ ተኛች። እውነተኛው ማሽን ስለሚጮህ እናቷ ስፌት መኪናዋን ካርቶኑ አጠገብ አስጠግታ በሙሉ ፍጥነት ትነዳዋለች። ፕሮፌሰር የድስት ክዳን ይደበድባል። አባቷ ደግሞ በወፍራም ድምፁ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ይላል። ጎረቤት መጥታ በሩን አንኳኩታ፣ ያየችውን አይታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ተመልሳ ሄደች።

ፌንጣ ድንጋይ ሆነች። እግሯ አልተነቃነቀም፣ ጣቷ አልተነቃነቀም። አንዲት ዝንብ መጥታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች፤ ወደ ግንባሯ ወጣች፣ ተመለሰች፣ ከንፈሯ ላይ ተንሸራሸረች። ፌንጣ ትንፍሽ አላለችም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉሃል ይሄ ነው!» ብሎ አባቷ ጮኸ። እናቷ ስፌት መኪናውን አቁማ አጨበጨበች። ፌንጣ ከካርቶኑ ስትወጣ ሁሉም ደስ ብሏቸው አየቻቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያሳዝናሉም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለሙያ፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ለስላሳ ድምፅ ያለው ቀጭን ወጣት፣ አስተኛት፤ ጆሮዋን ሸፈነላት፤ ከዓይኗ በላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ካርቱን አሳያት። ፌንጣ ካርቱኑን እያየች አልተነቃነቀችም። ፎቶ ማንሳቱ ተጀመረ ሲባል ግን ያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።

«እህቴ፣ አሁን ድንጋይ ነበርሽ እኮ» አላት ባለሙያው በማይክ። «ማሽኑ ሲጀምር ምን ነካሽ?»

«አፍንጫዬን በላኝ።»

«ቅድምም በልቶሽ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በልቶሽ ነበር።»

«ትልቅ አፍንጫ ነው ያለኝ» አለች ፌንጣ።

ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አዝና አየቻቸው። አንድ ቀጠሮ ብቻ ሊቀጥሩላቸው እንደሚችሉ ነገረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በገቡት ልጆች ይጀመራል። እናት መንገዱን በሙሉ ዝም ብላ ሄደች። እናት ዝም ካለች ነገሩ የእውነት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ቤት የነበሩት ፌንጣና አባቷ ብቻ ናቸው። ካርቶኑ እዚያው ሳሎን መሃል ተጋድሟል። አባቷ ወገቡን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

«እስኪ እኔ ልግባ» አለ። «ምን እንደሚመስል ልየው።»

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ክሬን ፍሪጅ ተሸክሞ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። ሊፍት አለ ሲሉት «እግር ለምን ተፈጠረ?» ይላል። ሰው ሁሉ ጉራ ይመስለዋል። ቤተሰቡ ግን ያውቃል፤ ሰውየው ጠባብ ቦታ ይፈራል። ሹራብ ሲያወልቅ እንኳን ጭንቅላቱ ውስጡ ከዘገየ ይጮሃል።

በጭንቅላቱ ገባ። ትከሻው ላይ ተቀረቀረ። ወደ ፊት ገፋ፤ ባሰበት። ከካርቶኑ ውስጥ «አልፈልግም! አልፈልግም!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለት ትልልቅ እግሮች አየሩን ረገጡ፤ ከዚያ ካርቶኑ ቷ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ፤ ከመሃሉም አባቷ ፀጉሩ ቆሞ ብቅ አለ። ፌንጣ መሬት ላይ ተንከባልላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ራሱን አይቶ ሳቀ። ሁለቱም ሲደክማቸው የተቀደደው ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አሁን ንገሪኝ» አላት፣ እንባውን እየጠረገ። «እዚህ ውስጥ ዝንቢቱ አፍንጫሽ ላይ ሠርግ ስትደግስ አልተንቀሳቀስሽም። እዚያ ግን ትንቀሳቀሻለሽ። ስለዚህ ነገሩ ሆድሽ ውስጥ ነው። ምንድን ነው?»

ፌንጣ የካርቶኑን ጫፍ መላጥ ያዘች።

«ባዶ ቢሆንስ?» አለች።

«ምኑ?»

«ጭንቅላቴ።»

አባቷ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዘጋው። ያኔ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ኳ ኳው፣ ስለ ክፍሉ ሳቅ ሁሉንም ነገረችው። ሲሰማ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ስትጨርስ አልተቆጣም፤ ባዶ አይደለምም አላላትም። እንደዚያ ቢላት ኖሮ አታምነውም ነበር፤ አባት የሚለው ያንን ነዋ።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ እኮ» አለ። «ካርቶን ላይ ለምን ሥዕል እንደምስል ታውቂያለሽ? የወጥ ቤቱ ላይ ድስት፣ የመኝታ ቤቱ ላይ ትራስ? ደንበኞቼ ለማሳመር ይመስላቸዋል። ለመጻፍም ለማንበብም ስለሚያስጨንቀኝ ነው። አምስተኛ ክፍል ደጋግሜ ወድቄ ነው የተውኩት። ሰነፍ ነው አሉ፤ እናቴን ጠርተው ነገሯት። እኔም አመንኩ።»

«አንተም ባዶ ነህ?»

«እሱን በምን አውቃለሁ? ማን አይቶት!» አለ አባቷ። ትንሽ አሰበና ጉልበቱን በመዳፉ መታ። «እንግዲያው የኔን አስቀድመው ይዩት። ባዶ ከሆነ ሁለታችንም ባዶ ነን፤ ብቻሽን አትሆኚም። ሙሉ ከሆነ ደግሞ ያንቺም ሙሉ ነው፤ ከኔ አይደል የወጣሽው?»

ፌንጣ ደስ ሊላት ሲል አንድ ነገር ትዝ አላት። «አባዬ፣ ቱቦው ጠባብ ነው። ከሊፍት በጣም ይጠባል።»

አባቷ ምራቁን ዋጠ። «ምን ያህል?»

«በጣም በጣም።»

«ይሁን» አለ፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ።

ለዶክተሯ ሲደወልላት እንዲያውም ደስ አላት። ዲስሌክሲያ በዘር ስለሚሄድ ፈቃደኛ ወላጆችንም ፎቶ ያነሱ ነበር። እናት ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ከናንተ ወገን እንደመጣ እኔ መቼም አውቄዋለሁ» አለች። ቢሆንም የዚያን ቀን የባሏን ሸሚዝ ራሷ ተኩሳ ሰጠችው።

በሦስተኛው ቀጠሮ ማሽኑ ብረት ስለሚስብ ክሬን ኪሱን እንዲያራግፍ ተነገረው። ብሎን ወጣ። ካቻቢቴ ወጣ። ሚስማር፣ የበር ማጠፊያ፣ አንድ ፒንሳ፣ እንደገና ብሎን። ባለሙያው ሳህን አመጣ፤ ሳህኑ ሞላ።

«ጋሼ፣ ሌላ አለ?»

«አንድ ጥርሴ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም የራሴ ነው።»

ተኛ። ጭንቀት ሲይዘው የሚጫነው የጎማ ፊኛ እጁ ላይ ተሰጠው። አልጋው ወደ ቱቦው መንሸራተት እንደጀመረ ፊኛውን ጨበጠው። አወጡት። ላቡን ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ጨበጠው። ፊቱ አመድ መስሏል። እናት ከጎን ክፍሉ በመስታወት መስኮቱ እያየች «ይበቃል፣ ያውጡት፣ ይሄ ሰው ይሞትብኛል» አለች። ፌንጣም እንደዚያው ነበር የምታስበው። ያን ትልቅ ሰው እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ለሷ ብሎ ነው እንዲህ የሆነው። ባለሙያውን እጁን ጎተተችው።

«ማይኩን ስጠኝ።»

ሰጣት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ዓይንህን ጨፍን። ማሽን ውስጥ አይደለህም። ደረጃ ላይ ነህ። ሶፋ ተሸክመሃል።»

ከዚያ ከቱቦው ውስጥ፣ «ምን ዓይነት ሶፋ?»

«ቀይ። ባለሦስት ሰው። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፤ አልወርድም ብለው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው አሁን ነው ቀለም የተቀባው፤ ጭንቅላትህን ካነቃነቅክ ቀለሙ ይነካሃል። ጎረቤቶቹ ቤት እያደሱ ስለሆነ መዶሻ ትሰማለህ።»

ማሽኑ መንጎድጎድ ጀመረ። ፊኛው አልተጨበጠም። ድምፁ ጋብ ባለ ቁጥር ፌንጣ ወደ ማይኩ ትመለሳለች። አንደኛ ፎቅ ላይ አሮጊቷ ሻይ ጠየቁ። ሁለተኛው ላይ ድመታቸው ሶፋው ሥር ተገኘች። ሦስተኛው ላይ የተሳሳተ ሕንፃ መሆኑ ታወቀ፤ አሮጊቷ ግን ይሄኛው ይሻላል አሉ። ባለሙያው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ፊቱን አዞረ። ዶክተሯ ከነመነጽሯ ሳቀች። ቱቦው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነበር ያልሳቀው፤ ቀለም እንዳይነካው።

«ደረስን?» አለ በመጨረሻ በሹክሹክታ።

«ደረስን አባዬ። አሮጊቷ አመስግነዋል።»

ስክሪኑ ላይ ፎቶው ወጣ። ፌንጣ ጠጋ ብላ አየች፤ ከዚያ ይበልጥ ጠጋ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባትሽ አንጎል» አላት ባለሙያው።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።»

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ነበር። ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደገና ታጥፎ፤ አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍት ቦታ እንኳን ከዳር አልቀረም። እናት ከኋላ ሆና «የሰፊ ቤት መጋረጃ ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ስጠቀጥቅ እንደዚህ ነው የሚሆነው» አለች። አባቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ ባዶ እግሩን መጥቶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

ዞር ሲሉ ፌንጣ አጠገባቸው የለችም። ማሽን ክፍሉ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ አልጋው ላይ ወጥታ ተኝታ ነበር።

ማሽኑ ጮኸ፣ ነጎደ፣ አንኳኳ። ፌንጣ አልተነቃነቀችም። በመስታወቷ ቃላት አሳዩዋት፤ በዓይኗ አነበበች፤ ቁልፍ ጫነች። ሥዕል አሳዩዋት፤ ጫነች። ፎቶው ሲወጣ፣ የሷም እንደ አባቷ ሙሉ ነበር፤ እስከ ጫፍ፣ እስከ ጥግ። ፌንጣ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። «ሙሉ ነው» አለች። «እማዬ፣ ሙሉ ነው!» ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ሮጠች፤ ዝም ብላ የተኛችበትን በሙሉ አካካሰችው። ያን ቀን ያን ኮሪደር ያላለፈ ሰው ደስታ ምን እንደሚመስል አላየም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶክተሯ የንባቡን ውጤት ልታሳያቸው ጠራቻቸው። አሁን ፎቶዎቹ ላይ ቀለም ነበረባቸው።

«አንድ ነገር ላስቀድም» አለች። «በአንድ ሰው ፎቶ ብቻ አንፈርድም፤ የምናውቀውን ያወቅነው የብዙ ሰው ፎቶ አነጻጽረን ነው። ይህ ግን ከፈተናዎቹ ጋር ይገጥማል። ማንበብ የቀለለው ሰው ሲያነብ እዚህ፣ በግራ በኩል ከጆሮ በላይና ከኋላ፣ ደመቅ ይላል። ያንቺ እዚያ ፈዘዝ ይላል። ግን እዚህ ፊት ለፊት እዪ። በቀኝ በኩልም እዪ። ሌላው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን አንቺ በጓሮ ዞረሽ ነው የምትደርሺው።»

ፌንጣ ቀለሞቹን አየች። «ለዚህ ነው እንዴ ሳነብ የሚደክመኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«ከሌሎቹ በላይ እየሠራሁ ስለሆነ?»

«ከብዙዎቹ በላይ። ትምህርቱ ዋናውን መንገድ እንድንጠርግ ይረዳናል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይጠረጋል።»

ፌንጣ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። አባቷ ግን ስክሪኑን ትቶ እጁን ነበር የሚያየው።

«የኔስ ዶክተር?» አለ።

ዶክተሯ የሱን ፎቶ ከልጁ ጎን አደረገችው። እዚያው ቦታ ፈዘዝ፣ እዚያው ቦታ ደመቅ። የሱ ይበልጥ የተንሰራፋ ነበር።

«ልጠይቅዎት» አለ ክሬን። «የሰነፍ ሰው... የሰነፍ ጭንቅላት እንዴት ነው የሚታየው?»

ዶክተሯ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጥያቄ መሆኑ ገብቷታል። «እርስዎ ሲያነቡ የደመቀውን ይመልከቱት» አለች። «ይሄ ቁጭ ብሎ ያዛጋ ሰው ነው? ማንም ሳያይለት የሠራ፣ የደከመ ሰው ነው ጌታዬ።»

ክሬን ራሱን ነቀነቀ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ያ ፍሪጅ የሚሸከመው ትከሻ ተናወጠና አለቀሰ። አልደበቀም። «እናቴ በኖረች» አለ። «ልጇ ሰነፍ ነው ተብላ ነው የሞተችው።» እናት እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። ፌንጣ ከወንበሯ ወረደችና ጉልበቶቹ መሃል ገብታ ቆመች፤ ስለተከፋች አልነበረም፣ ስለወደደችው ነው።

«ዶክተር» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ትምህርቱ ላይ ለአባዬ ቦታ አለ?»

«ለልጆች ነው የተዘጋጀው...» ዶክተሯ አመነታች። «አዋቂም መማር ይችላል፤ ቀስ ይላል እንጂ። ጥናቱ ውስጥ አናስገባውም፤ ከጎንሽ ቢቀመጥ ግን ማን ይከለክለዋል? ችግሩ ወንበሮቹ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ አይችሉትም።»

ክሬን ፊቱን በክንዱ ጠረገና ቀና አለ።

«ወንበር?» አለ። «ወንበር ማምጣት ለኔ ነው የሚነግሩኝ?»

የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ልጆቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ሲያዩ፣ አንድ ትልቅ ሰው ትልቅ ወንበር ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ደረጃውን ሲወጣ፣ አንዲት ልጅ ፊት ፊቱ እየዘለለች መንገድ ስታስለቅቅ አዩ። ወንበሩን ከትንንሾቹ መሃል አስቀመጠ፤ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ቃል ስትናገር ልጆቹ እያጨበጨቡ በየድምፁ ይከፋፍሉታል፤ የሱ ጭብጨባ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሲሳሳት ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል፤ እነሱ ሲሳሳቱ ግን እሱ አይስቅም። በመጨረሻ አስተማሪዋ ብዙ መስመር ካለው ወረቀት ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አጭር መስመር ሰጠች። ፌንጣ የሷን አነበበች፤ ቆም እያለች፣ እየተመለሰች፣ እስከ መጨረሻው። ተራው የአባቷ ሆነ። ወፍራም ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ግንባሩ በላብ ወዛ፣ አንድ ቃል ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ፣ ፌንጣ ልትነግረው ፈልጋ አፏን በእጇ ያዘች። አለፈው። ቀጣዩንም አለፈው። አራት ነጥቡ ጋ ደረሰ።

«ደከመህ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ቀጫጫ ልጅ።

«በጣም!» አለ ክሬን ደረቱን ነፍቶ፤ ጣቱንም ሳይታዘዝ ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደ።